የደረት ቀበቶው ሲዋሽ፦ የልብ ምት መለኪያ ለምን ይሳሳታል? እንዴትስ ይስተካከላል?

ባለፈው ጥር ለእረፍት አዘና፣ ቤተሰቦቼ ጋ ነበርኩ። አዊን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የጥር ንጋት ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። የ17 ዓመቱ ታናሽ ወንድሜ ሩጫ ይሠራል። እኔ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ስለሆንኩ በደረት ላይ የሚታሰር የልብ ምት መለኪያ ቀበቶ ገዝቼለት ነበር። አንድ ጠዋት ገና አምስት ደቂቃ ሶምሶማ እንደሮጥን ቀጥ ብሎ ቆመና ስልኩን አሳየኝ። 208 ይላል።

«ጋሼ፣ ልቤን ሳያመኝ አይቀርም» አለኝ።

ለካ ሦስት ቀን ሙሉ ይህንን ቁጥር እያየ ለማንም ትንፍሽ አላለም። እማዬ ከሰማች ሩጫው አበቃለት ብሎ ነው። እጁን ተቀብዬ ከአውራ ጣቱ በታች ባለው አንጓ ላይ ሁለት ጣቶቼን አሳረፍኩና 15 ሴኮንድ ቆጠርኩ፦ 31 ምት። በ4 ሲባዛ 124። ስልኩ አሁንም ከ200 በላይ ያሳያል። እንግዲህ ከሁለት አንዱ ተሳስቷል።

የተሳሳተው የቱ ነው? ለምንስ? ለመመለስ መጀመሪያ ቀበቶው ምን እንደሚለካ እንይ።

ቀበቶው የሚሰማው ኤሌክትሪክ ነው

ብዙ ሰው ቀበቶው የልብን «ድው ድው» የሚያዳምጥ ይመስለዋል። አይደለም። ልብ ከመኮማተሯ በፊት በጡንቻዋ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሞገድ ያልፋል። ከዚያ ሞገድ ጥቂቱ እስከ ቆዳችን ድረስ ይደርሳል፤ መጠኑ ግን 1 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ነው። ለማነጻጸር፣ የግድግዳ ሰዓት ላይ የምናስገባው የባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት አለው። 1,500 እጥፍ ማለት ነው!

በቀበቶው የውስጥ ገጽ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ሁለት ለስላሳ ቦታዎች አሉ። ኤሌክትሮድ ይባላሉ። መሃል ላይ የምትገጠመው ትንሽ ሴንሰር በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አጉልታ፣ ሞገዱ ሹል ሆኖ የሚወጣበትን ቅጽበት ትፈልጋለች። ከዚያ ከአንዱ ሹል እስከ ቀጣዩ ያለውን ጊዜ ትለካለች። ጊዜው ግማሽ ሴኮንድ ከሆነ፣ 60 ለ0.5 ሲካፈል የልብ ምቱ በደቂቃ 120 ነው።

ስህተቱም የሚገባው በዚሁ በር ነው። በሁለት እውነተኛ ሹሎች መሃል አንድ የውሸት ሹል ቢገባ ጊዜው ሩብ ሴኮንድ ይሆንና 240 ይነበባል። በተቃራኒው አንዱ ሹል ቢያመልጣት ጊዜው አንድ ሴኮንድ ይሆንና 60 ታሳያለች። ልባችሁ ምንም አልሆነችም፤ ቆጣሪዋ ነች የተደናገረችው። መሣሪያው ብዙውን ጊዜ የበርካታ ምቶችን አማካይ ስለሚያሳይ ደግሞ ስህተቱ ለዓይን እውነተኛ የሚመስል ቁጥር ይዞ ይመጣል።

ደረቅ ቆዳ፣ ቀዝቃዛ ጠዋት

የውሸት ሹሎቹ ከየት መጡ? ደረቅ ቆዳ ኤሌክትሪክን አጥብቆ ይቃወማል። ያቺ 1 ሚሊቮልት በደረቅ ቆዳ በኩል ስታልፍ ትዳከማለች፤ የቀበቶው መንሸራተትና የልብስ መፋተግ የሚፈጥሩት ሁካታ ግን ያይላል። ላብ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። ላብ ጨው አለበት፤ ጨዋማ ውሃ ደግሞ ጥሩ አስተላላፊ ነው። የወንድሜ ቀበቶ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሲያብድ ቆይቶ ካላበው በኋላ ለምን ልብ እንደሚገዛ አሁን ገባችሁ?

ይህንን ችግር ከመቶ ዓመት በፊት የተጋፈጠ ሰው ነበር። ሆላንዳዊው ዊለም አይንትሆቨን የልብን ኤሌክትሪክ በትክክል የሚመዘግብ መሣሪያ ሲሠራ፣ የሚመረመረው ሰው እጆቹንና እግሩን ጨዋማ ውሃ በሞላባቸው ዕቃዎች ውስጥ ይነክር ነበር። መሣሪያው 270 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝን ነበር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1924 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ ፖላር የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ ስፖርተኞች ያለ ሽቦ የሚለኩበትን መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። መሣሪያው ከ270 ኪሎ ወደ ጥቂት ግራም ወረደ፤ የውሃው ነገር ግን አልቀረም።

የአዊ ልጆች በጥር 23 በዓል እንጅባራ ላይ የምታደንቋቸው ፈረሶችም ከዚህ ሕግ አያመልጡም። የፈረስ ልብ አርፎ ሲቆም በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ያህል ይመታል፤ ሲጋልብ ግን ከ200 ሊያልፍ ይችላል። ይህንን በቀበቶ የሚለኩ ባለሙያዎች ኤሌክትሮዱን ከማሳረፋቸው በፊት ፀጉሩን በደንብ ያርሱታል።

እንዴት እናስተካክለው?

በምህንድስና አንድ ወርቃማ ደንብ አለ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ሁሉንም አንዴ ከነካካችሁ ጥፋተኛው የቱ እንደነበር አታውቁም።

1. አርጥቡት። ከመሮጣችሁ በፊት ሁለቱን ኤሌክትሮዶች በውሃ አርሱ። ምራቅም ይሠራል። የልብ ምርመራ ጄል ካገኛችሁ ቶሎ ስለማይደርቅ የተሻለ ነው።

2. ቦታውንና ጥብቀቱን እዩ። ቀበቶው ከጡት በታች፣ ሴንሰሯም መሃል ላይ ትሁን። ሁለት ሦስቴ ዝለሉ፤ ከተንሸራተተ ላልቷል። በረጅሙ ስትተነፍሱ ካስጨነቃችሁ ደግሞ ጠብቋል።

3. ልብሱን ጠርጥሩ። በደረቅ የበጋ ጠዋት ፖሊስተር ማልያ ከላዩ ጃኬት ሲደረብበት ይፋተግና ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ሹራብ ስታወልቁ የምትሰሙት «ጥስጥስ» እሱ ነው። ጥጥ ልበሱ፤ ወይም ማልያውን ደረት ላይ ትንሽ አርጥቡት።

4. እጠቡት። የደረቀ ላብ ጨው ትቶ ይሄዳል፤ ጨው ደግሞ መግጠሚያውን ይበላል። ከሩጫ በኋላ ሴንሰሯን ንቀሉ፣ ቀበቶውን በውሃ አለቅልቁ፣ አልፎ አልፎም በለስላሳ ሳሙና እጠቡ። በረኪና አታስነኩት።

5. ባትሪውን ቀይሩ። ሳንቲም የምትመስለው ባለ 3 ቮልት ባትሪ ስትደክም ንባቡ ይቆራረጣል። ሴንሰሯን ከእርጥብ ቀበቶ ጋር ተገጥማ ከተዋችኋት ሰው የለበሳት መስሏት ስትሠራ ታድራለች፤ ባትሪዋም ያልቃል።

6. አለዋውጡ። ሴንሰሯን የጓደኛችሁ ቀበቶ ላይ ግጠሟት። እዚያ በትክክል ከሠራች ያረጀው የእናንተ ቀበቶ ነው።

እኛም እንደዚሁ አደረግን። በማግስቱ ቀበቶውን ብቻ አረጠብን፤ የመጀመሪያው አምስት ደቂቃ 131 አነበበ። በሦስተኛው ቀን ማልያውን በጥጥ ቀየርን፤ አልፎ አልፎ ብቅ ትል የነበረችው ዝላይም ጠፋች።

ቀበቶው እውነቱን ቢሆንስ?

እዚህ ላይ ግን ቆም በሉ። «መሣሪያው ነው» ብሎ መገላገልም አደጋ አለው። ፍርዱን የሚሰጠው ጣታችሁ ነው። ቁጥሩ ሲያስደነግጣችሁ ወዲያው ቁሙና አንጓችሁ ላይ 15 ሴኮንድ ቆጥራችሁ በ4 አባዙ። አትዘግዩ፤ ከቆማችሁ በኋላ ምቱ በፍጥነት ይወርዳል። «220 ሲቀነስ ዕድሜ» የሚባለው የከፍተኛ የልብ ምት ቀመርም ግምት ብቻ ነው፤ ከሰው ሰው በ10 ምትና ከዚያም በላይ ይለያያል። ስለዚህ ከቀመሩ ትንሽ ስላለፋችሁ ብቻ አትደንግጡ።

ነገር ግን ጣታችሁም ከቀበቶው ጋር ከተስማማ፣ ይኸውም አርፋችሁ ተቀምጣችሁ ልባችሁ ያለምክንያት የምትጋልብ ወይም ምቷ የሚዘበራረቅ ከሆነ፣ ወይም ስትሮጡ ደረታችሁን ካመማችሁ፣ ራሳችሁን ከሳታችሁ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ሩጫውን አቁሙና ጤና ተቋም ሂዱ። በአገራችን በልጅነት በአግባቡ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የልብ በር ላይ ጉዳት አድርሶ ብዙ ወጣቶችን ያሳምማል። ይህንን የሚለየው ሐኪም ነው፤ የስልክ ቁጥርም የወንድም ምክርም አይተካውም።

ወንድሜ ሦስት ቀን የፈራው ቁጥሩን የሚያጣራበት መንገድ ስላልነበረው ነው። አሁን ከመሮጡ በፊት ቀበቶውን ቧንቧ ስር ያረጥባል፣ ሲጨርስም አንጓውን ይዞ ይቆጥራል። ለእማዬም ነግረናታል። ሰምታ ስታበቃ እጇን ዘርግታ «በሉ የእኔንም ቁጠሩልኝ» አለች። 72 ነበር።