በጉባ ቆላ ወሰንን በመኪና ስለ መሻገር

ከአሶሳ ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጉባ ቆላ ለወረደ መንገደኛ የሱዳን ወሰን ሩቅ አይደለም። ሽመሉና ቁጥቋጦው፣ ዋልካውና የደረቀው የወንዝ ሸለቆ ወዲያና ወዲህ አንድ ዓይነት መስሎ ሲታየው፣ አራቱም ጎማ የሚጎትትለት ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር የያዘ ሰው «ማን ያግደኛል?» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ይህን ወሰን ወቅቱ፣ ሕጉና የጎረቤት አገር ሰላም በአንድነት ይጠብቁታል፤ ብርቱ መኪና ሊረታ የሚችለውም ከሦስቱ ወቅቱን ብቻ ነው፣ እርሱንም ቢሆን ሁልጊዜ አይደለም።

ወሰኑ የተቆረጠው ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ጆን ሌን ሃሪንግተን በአዲስ አበባ በተፈራረሙት ውል ሲሆን፣ በማግሥቱ ዓመት ሻለቃ ቻርልስ ጉዊን በምድሩ ላይ እየተዘዋወረ ምልክት አደረገበት። የዚያ ውል ሦስተኛ አንቀጽ ስለ ዓባይ ውኃ የሚናገር ነበር። መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የታላቁ የሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ በዚሁ በጉባ ምድር ተቀመጠ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስኪመረቅ ድረስም፣ ቀድሞ ይበልጥ እግረኛና አህያ በሚያውቀው ቆላ ከባድ መኪና ሲመላለስበት ኖረ።

መኪና በዚህ አካባቢ ሲታይ ግን ያን ጊዜ የመጀመሪያው አልነበረም። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ከሱዳን የገቡት በኦሜድላ፣ የዲንደርን ወንዝ ተሻግረው ነው። ከዚያ ወደ በላያ ተራራ የተጠረገ መንገድ ስላልነበረ፣ የእንግሊዙ መኰንን ዊንጌት የሚመራው ጦር የጭነት መኪናዎቹን በቁጥቋጦውና በሸለቆው መካከል እያሰለፈ በብዙ ድካም ተጓዘ፤ ስንቁንና ጥይቱን ይሸከሙ ዘንድ ከሱዳን ከመጡት 15 ሺህ ያህል ግመሎችም አብዛኞቹ በዘመቻው አለቁ። ይህም ሁሉ የሆነው በበጋ ነው።

በክረምትማ ዋልካው ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ጎማ ይውጣል፤ ደረቁም ሸለቆ ደጋ ላይ በዘነበ ዝናብ በድንገት ይሞላል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሾፌር ዝናቡ ቆሞ መሬቱ እስኪደርቅ ይታገሣል፤ በበጋም ቢሆን ውኃ ያለበት መሻገሪያ ሲደርስ አስቀድሞ ወርዶ በዱላ ጥልቀቱን ይለካል። አሮጌ ላንድክሩዘር ከሆነ የፊት ጎማዎቹን መሐል በእጁ አዙሮ ይቆልፋል፤ ከዚያም በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ውኃ መካከል ሳለም ማርሽ አይቀይርም። ወጥቶም ወዲያው አይፈጥንም፤ ፍሬኑ ርሶ እንዳይከዳው ደጋግሞ እየረገጠ ያደርቀዋል።

ሁለተኛው ጠባቂ ሕጉ ነው። መኪና በአንድ አገር ቀረጥ ተከፍሎበት የተመዘገበ ንብረት ስለሆነ፣ ወደ ሌላ አገር ሲገባ እንደ ሸቀጥ ይቆጠራል፤ ባለቤቱ ለጊዜው አስገብቶ መልሶ እንደሚያወጣው ዋስትና ካላቀረበም ቀረጥ ይጠየቅበታል። ለዚህ ተብሎ በ1946 ዓ.ም. በኒውዮርክ ዓለም አቀፍ ስምምነት የተደረገ ሲሆን፣ የአውቶሞቢል ማኅበራት የሚሰጡት «ካርኔ» የተባለው ደብተር ዋስትናውን ይሸከማል። የደብተሩ እያንዳንዱ ገጽ ሦስት ቁራጭ አለው፤ አንዱን ጉምሩኩ ሲገቡ ይቀደዋል፣ አንዱን ሲወጡ፣ ሦስተኛው ሁለቱም ማኅተም አርፎበት ከባለመኪናው ጋር ይቀራል። የመውጫው ማኅተም ከጎደለ መኪናው እዚያው እንደ ቀረ ተቆጥሮ ቀረጡ ከዋሱ ይጠየቃል። ለሦስተኛ ወገን ጉዳት ደግሞ ኢትዮጵያና ሱዳን ሁለቱም አባል የሆኑበት የኮሜሳ ቢጫ ካርድ አለ።

በኬላው ላይ የሚሆነውን ያየ ሰው የወረቀቱን ክብደት ይረዳል። ሹሙ ሊብሬውን በአንድ እጁ ይዞ ከፊት ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ይላል፤ የሻንሲውን ጭቃ በጨርቅ ጠርጎ በብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር አሐዝ በአሐዝ ያነብባል። መኪናው የነጂው ካልሆነም ከባለቤቱ የተሰጠ ውክልና ይጠይቃል። በጫካ ዞሮ ያለ ማኅተም የገባ ግን የገዛ መኪናውን በፈቃዱ ኮንትሮባንድ አደረገ ማለት ነው፤ ከወዲያ ማዶ ሲያዝም የእኔ ነው የሚልበት ማስረጃ አይኖረውም።

ሦስተኛው ጠባቂ ከሰው ፈቃድ በላይ ሆኖ የቆየው ሰላም ነው። በአሶሳ በኩል የታወቀው መተላለፊያ ኩርሙክ፣ በሰሜን ደግሞ መተማ ነው፤ ነገር ግን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ፣ በሁለቱም በሮች ሸቀጥና መንገደኛ ይመላለስበት በነበረው ጎዳና ስደተኞች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ እኛ ገብተዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ለመዝናናት ብሎ መኪናውን ወደዚያ የሚመራ ሰው ራሱን ለአደጋ፣ ጠባቂዎቹንም ለጥርጣሬ ይዳርጋል።

ስለዚህ የመኪናውን ጉልበት ሊፈትን የሚሻ ሰው፣ በክልሉ ባለሥልጣኖች ፈቃድ ከወሰኑ ወዲህ ያለው ቆላ ይበቃዋል። ሰላም ተመልሶ ለመሻገር የሚነሣ ግን ከስንቁና ከናፍጣው በፊት በወረቀቱ ይጀምር፤ ናፍጣ ቢጎድል በበርሜል የሚሸጥ ሰው መንገድ ላይ አይታጣም፣ ማኅተም ቢጎድል ግን መኪናውን ትቶ በእግሩ ሊመለስ ይችላል።