ሐምሌ በሚኒያፖሊስ፦ የሐረርጌ ስደተኛ ዓመታዊ በዓል

ሐምሌ ምዕራብ ሐረርጌ፣ ጨርጨር ላይ የዝናብ ወር ነው። ከጭሮ፣ ከሂርና፣ ከበዴሳ፣ ከገለምሶና ከሚኤሶ ወጥተው ሰሜን አሜሪካ የገቡ ብዙ ቤተሰቦች ግን በዚሁ ወር ሻንጣ ያዘጋጃሉ፤ ከሥራ ፈቃድ ይወስዳሉ፤ ልጆቻቸውን መኪና ውስጥ ደርድረው ረጅም መንገድ ይነዳሉ። የሚሄዱት ወደ በዓል ነው። ይህን በዓል ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ አልደነገገውም፤ የወለደው ስደት ነው። እኛ እዚህ ያለነው በስልክ ቁርጥራጩን እናየዋለን፦ አንድ ጎል፣ ጥቂት ጭፈራ፣ የዘመድ ፊት፣ ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል። ከዚያች ቁራጭ ምስል ጀርባ ያለው ግን ትልቅ ተቋም ስለሆነ ከሥሩ ላስተዋውቀው።

በዓሉ በደንብ ከሚታይባቸው ቦታዎች ቀዳሚው የሚኒሶታ ግዛት ነው። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የተቀመጡ መንትያ ከተሞች ናቸው። ክረምታቸው ከባድ ነው፤ ጥር ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስበት ቀን አለ። የሚኤሶን ፀሐይ የለመደ ሰው እዚያ ቤት ሠርቶ ልጅ ያሳድጋል ብሎ ማን ይገምታል? ሆኖም ዛሬ ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት የኦሮሞ ማኅበረሰቦች ትልልቆቹ ከሚገኙባቸው ቦታዎች አንዱ ሚኒሶታ ሆኗል፤ ነዋሪዎቹ ራሳቸው «ትንሿ ኦሮሚያ» ይሉታል። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጡ ሞንጎች፣ ሶማሌዎች፣ ሜክሲኳውያንና ሌሎችም በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በአንድ ፎቅ ይኖራሉ። የሚኒሶታ ኦሮሞ ማኅበረሰብ የተባለው ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ኦሮሞዎች የሚያስተዳድሩት የተውፊቅ እስላማዊ ማዕከልም፣ በኦሮምኛ የሚሰብኩ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም እዚያው ከተማ ውስጥ አሉ።

ሰዉ እዚያ የደረሰው በአንድ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ሐረርጌን አተራመሰ። ቀጥሎ በ1977 ዓ.ም. ደርግ በክፍለ ሀገሩ የመንደር ምሥረታ ዘመቻውን ጀመረ። ገበሬው ከእርሻው፣ ከጫቱና ከቡና ማሳው ተነቅሎ በመስመር ወደ ተሠሩ መንደሮች እንዲገባ ሲገደድ ብዙዎች ድንበር አቋርጠው ተሰደዱ። በ1978 ዓ.ም. በሰሜን ምዕራብ ሶማሊያ ቱግ ወጃሌ ላይ የተተከለው መጠለያ ጣቢያ በአብዛኛው ከሐረርጌ በወጡ ኦሮሞዎች የተሞላ ነበር። ሌላው በባቡር ሐዲዱ አቅጣጫ ወደ ጅቡቲ ወረደ። በ1984 ዓ.ም. ከደርግ ውድቀት በኋላ የተቋቋመው የሽግግር መንግሥት ሲከፈል ደግሞ ሌላ የስደት ማዕበል ተነሣ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣችው የስደተኞች ሕግ መሠረት ከየጣቢያው ሰው ስትቀበል፣ የሚኒሶታ የሉተራንና የካቶሊክ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ብዙዎቹን ተረክበው አቋቋሙ። አንዱ ሥራ ሲያገኝ ወንድሙን ጠራ፤ ወንድሙ የአጎቱን ልጅ ጠራ። የሐረርጌ ሰው ሚኒሶታን የሞላው በዚህ መንገድ ነው። ወደ ሌላ አህጉርም የሄደ አለ፤ በአውስትራሊያ የሜልቦርን ኦሮሞዎች ኑሮ ለብቻው መጽሐፍ የተጻፈበት ነው።

በዓሉ የተነሣው ከኳስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ ልዩ ልዩ ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሂዩስተን ላይ ተገናኝተው የእግር ኳስ ውድድር አደረጉ። የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከዚያ ተወለደ። ዘዴው ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ከተማ ቡድን ያቋቁማል፤ ተጫዋቾቹ በሥራ ቀን ታክሲ የሚነዱ፣ ሆስፒታል የሚሠሩ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ሰዎች ናቸው፤ በየዓመቱ አንድ ከተማ አስተናጋጅ ይሆናል፤ ጊዜው የአሜሪካ የነጻነት በዓል የሚውልበት ሳምንት፣ በእኛ የሰኔ መጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ቶሮንቶ፣ በ2017 ሲያትል፣ በ2018 ዳላስ፣ በ2019 አትላንታ አስተናግደዋል። ዓርብ «የኢትዮጵያ ቀን» ይባላል፤ ያን ቀን ሜዳው ለባህል ልብስና ለጭፈራ ይለቀቃል። ኦሮሞዎችም የራሳቸውን ስፖርት ፌዴሬሽን መሥርተው በየዓመቱ በእኛ ክረምት ውድድር ያካሂዳሉ፤ በሚኒሶታ የዚያ ሰሞን «የኦሮሞ ሳምንት» ነው፤ የኦሮሞ ጥናት ማኅበር ጉባኤም ብዙ ጊዜ ከእሱ ጋር ይገጥማል። ቀን ጉባኤ፣ ከሰዓት ኳስ፣ ማታ ሙዚቃ። ሐረሪዎችም እንዲሁ የራሳቸው ዓመታዊ የስፖርትና የባህል ስብስብ አላቸው።

ይህ የእኛ ብቻ ብልሃት አይደለም። ኢትዮጵያውያኑ ሂዩስተን ላይ በተገናኙበት በዚያው እ.ኤ.አ. በ1984፣ ኒው ዮርክ ያሉ ብራዚላውያን የአገራቸውን የነጻነት ቀን አስታክከው 46ኛው ጎዳና ላይ «የብራዚል ቀን»ን ማክበር ጀመሩ። መንገዱ ዛሬ «ትንሿ ብራዚል» ይባላል። እነሱ የጀመሩት በሙዚቃና በምግብ ነው፤ እኛ በኳስ። ውጤቱ ግን ይመሳሰላል፦ ዓመቱን ሙሉ በሰው አገር ቋንቋ ሲያወራ የከረመ ሰው፣ በዚያች አንድ ቀን ስሙን በትክክል የሚጠራው ሕዝብ መሀል ይውላል።

ወደ ሜዳው እንግባ። ኳሱ መሀል ላይ ነው፤ የበዓሉ እምብርት ግን ዳር ዳሩን ነው። በሜዳው ዙሪያ ድንኳኖች ይደረደራሉ። እንጀራ በወጥ፣ ሳምቡሳ፣ ሻይ፤ ሙዚቃ ያለበት ፍላሽ፣ የባህል ቀሚስ፣ ባንዲራ፣ የእንትን ማኅበር የአባልነት ቅጽ፤ ሁሉም እዚያ ነው። የሐረርጌ ሰዎች ካሉበት ድንኳን ቡና ቀላ አይጠፋም። የደረቀው የቡና ፍሬ ከነገለፈቱ ጫፉ ይነከሳል ወይም ይቆረጣል፤ ከዚያ በቅቤ ቀስ ብሎ ይበስላል፤ ጨው ጣል ይደረግበታል። ሲቀርብ ትልቁ ሰው ሳይመርቅ የሚነካው የለም። ምርቃቱ ረጅም ነው፦ ዝናብ፣ ሰላም፣ ልጅ፣ ከብት ሁሉ ይጠራበታል። ሚኒሶታ ውስጥ ከብት የሌለው ሰው ለከብት ሲመረቅ «አሚን» ይላል፤ ከልቡ ነው የሚለው፤ ጨርጨር ውስጥ እናቱ ያሰረቻት አንዲት ላም አለቻና።

ሸጎዬ የሚጀመረው ሲመሽ ነው። ይህ የምሥራቅ ሐረርጌም የምዕራብ ሐረርጌም ጭፈራ ነው። ወንዶችና ሴቶች ፊት ለፊት ይሰለፋሉ። ከበሮ የግድ አይደለም፤ ጭብጨባውና የእግር ምቱ ይበቃል። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። አንገትና ራስ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይወዛወዛል፤ ፍጥነቱ ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ ትንፋሹ ራሱ ዜማ ይሆናል። ግጥሙ አስቀድሞ አይጻፍም፤ እዚያው የሚፈጠር ነው፤ ወንዱ ልጅቱን ያወድሳል፣ እሷ ትመልስለታለች። አሜሪካ የተወለዱት ልጆች መጀመሪያ ዳር ቆመው ያያሉ። አንገታቸው አይታዘዝላቸውም፤ አክስቶቻቸው ጎትተው ያስገቧቸዋል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ግን ሰልፉን የሚመሩት እነሱ ሆነው ይገኛሉ። ለእኔ ከበዓሉ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ኦሮምኛው ቢሰባበርባቸውም ምቱን አይስቱም።

የዚህ ሁሉ ዜማ አባት ከአሊ ቢራ ሌላ ማን ሊባል ይችላል? ድሬዳዋ ተወልዶ በልጅነቱ አፍረን ቀሎ በተባለው የሙዚቃ ቡድን የጀመረው አሊ፣ የስደት ዘመኑን በስዊድንና በቶሮንቶ አሳልፏል። በየከተማው የስደተኛ መድረክ ላይ ሲዘፍን አዳራሹ ሞልቶ ይፈስ ነበር። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. አዳማ ላይ ሲያርፍ ኀዘኑ ድሬዳዋና ሚኒያፖሊስ ላይ በአንድ ቀን ተቀመጠ።

የበዓሉ ጠቃሚ ሥራ በካሜራ የማይያዘው ነው። ሐረርጌ ውስጥ አፎሻ አለ፤ አዲስ አበባ ዕድር የሚሉት ዓይነት፣ ለሞትም ለሠርግም የሚደርስ ማኅበር። ስደተኛው አፎሻውን ይዞ ሄዷል። በሜዳው ዳር፣ አንዱ ጨዋታ አልቆ ሌላው እስኪጀመር፣ ሰዎች ተቀምጠው የሚነጋገሩት ስለዚህ ነው፦ ዴንቨር የሞተው ልጅ አስከሬን አገር ቤት እንዴት ይድረስ? ወጪው በብዙ ሺህ ዶላር የሚቆጠር ነው፤ አንድ ቤተሰብ ብቻውን አይችለውም። አዲስ የመጣችው እናት ሥራ የት ታግኝ? መንጃ ፈቃድ ማን ያለማምዳት? ገለምሶ አካባቢ የሚቆፈረው የውኃ ጉድጓድ ስንት ጎደለው? መዝገብ ይወጣል፤ ስም ይጻፋል፤ ገንዘብ ይዋጣል። ጋብቻም እዚሁ ይጠነሰሳል። ልጅቷ የማን ናት፣ የየትኛው ጎሳ፣ አያቷ ማን ይባላሉ እየተባለ የዘር ሐረግ ሲቆጠር የኢቱና የሁምበና ጎሳ ሽማግሌ ከፍተኛ ሥልጣን አለው። ለቅሶ ሳይደርሱ የቀሩ ሰዎችም እዚያው ቆመው «ነፍስ ይማር»፣ «አላህ ይርሐመው» ይባባላሉ፤ ከዓመት በፊት የሞተ ሰው ለቅሶ ሜዳ ዳር ይደረሳል።

በዓሉ ጠብ አያጣውም፤ ይህን መደበቅ ደግ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2012 የኢትዮጵያውያኑ ውድድር ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ዳላስ፣ ሌላው ዋሽንግተን በአንድ ሳምንት ተካሂደዋል። የባንዲራ ክርክር፣ የክብር እንግዳ ማን ይሁን የሚል ክርክር፣ የገንዘብ ሂሳብ ክርክር በየዓመቱ ይነሣል። የአገር ቤት ፖለቲካ ሲጋል ሜዳውም ይግላል። ሐምሌ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በሚኒያፖሊሱ ታርጌት ሴንተር ሲናገሩ አዳራሹ በደስታ ተሞልቶ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል፣ በመንትያዎቹ ከተሞች ጎዳናዎች ሕዝቡ በእንባና በቁጣ ሰልፍ ወጣ። ስደተኛው የአገሩን ነገር ከርቀት ስለሚሰማ ደስታውም ቁጣውም ይበረታል። ቢሆንም የኔ ፍርድ ግልጽ ነው፦ በፖለቲካ የተኳረፉ ሁለት ሰዎች የአንድን ሟች አስከሬን ለመላክ በአንድ መዝገብ ላይ ስማቸውን ከጻፉ፣ ተቋሙ ሥራውን እየሠራ ነው።

መስከረም ሲያልቅ ደግሞ ኢሬቻ ይከተላል። ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ መድረስ ያልቻለው፣ በሚኒሶታ ሐይቆች ዳር እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ይወርዳል። እዚያ ያሉት ሐይቆች ለዚህ ይመቻሉ፤ ግዛቷ «የአሥር ሺህ ሐይቆች ምድር» ተብላ የምትጠራ ናት።

አሁን የሚያሳስበኝ ወዲህ ያለው ወገን ነው። እዚያ ያሉት ልጆች ሸጎዬን የሚማሩት ከወላጆቻቸውና ስቱዲዮ ከተቀረጸ ቪዲዮ ነው። ምንጩ ግን እዚህ ነው፤ በጨርጨር ቀበሌዎች፣ በሠርግና በመኸር ማታ፣ ግጥሙን በቃላቸው በያዙ ሽማግሌዎችና እናቶች ዘንድ። እነሱ ሲያልፉ ግጥሙ አብሮ ያልፋል። የኢቱና የሁምበና የገዳ ሥርዓት ማዕከል በሆነው በኦዳ ቡልቱም ስም የተሰየመ ዩኒቨርሲቲ ጭሮ ላይ አለን፤ የቋንቋና የባህል ተማሪዎች አሉት፤ የሚቀርጽ ስልክም በየኪሱ ነው። የየወረዳውን ሸጎዬ፣ የየሽማግሌውን ምርቃት፣ የየቤቱን የቡና ቀላ አሠራር ሰብስቦ ማስቀመጥ የሚጠይቀው ፈቃድና ትዕግሥት ብቻ ነው። ቤተሰብ ያላችሁ አንባቢዎችም፣ በሚቀጥለው ሐምሌ ከሚኒያፖሊስ ወይም ከቶሮንቶ ስልክ ሲመጣ ገንዘቡ ደረሰ አልደረሰ ብላችሁ አትዝጉት። ስልኩን ለአያት ስጡ፤ አንድ ግጥም ታውጣ፤ ልጁ ከወዲያ ይቀበላት፤ እናንተ ደግሞ ቅረጹት።