ብርሃን እንደ መድኃኒት
ጎንደር ከምድር ወገብ ብዙም ሳትርቅ፣ በ12.6 ዲግሪ ሰሜን ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ተኩል እምብዛም አያልፍም። በስቶክሆልም ግን በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ወጥታ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ስለምትጠልቅ፣ ከጎንደር ደጋ ወደዚያ የተሻገረ ሠራተኛ ሳይነጋ ወጥቶ ከመሸ ይመለሳል።

በየዓመቱ በዚህ ወቅት መጥቶ ቀኑ ሲረዝም የሚለቀው የስሜት ሕመም ወቅታዊ ድባቴ ይባላል። ሕመሙን በ1984 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር በጥናት የገለጸው ኖርማን ሮዘንታል የጆሃንስበርግ ተወላጅ ሲሆን፣ ወደ ኒውዮርክ ከሄደ በኋላ በቀዝቃዛዎቹ ወራት ጉልበት ይከዳው ነበር፤ ከፀሐይ አገር የሄደ ሰው ጉድለቱን ቀድሞ ማስተዋሉ አይደንቅም። ታማሚው እንቅልፍ ያበዛል፣ ተኝቶም አይታደስም፣ የዳቦና የጣፋጭ አምሮት ይጸናበታል፣ ከሰውም ይሸሻል።

እነዚህን ቀዝቃዛ ወራት ክረምት ብሎ መጥራት እዚህ ላይ ያሳስታል። የሰሜን ጎንደር ክረምት ደመናና ጉም ይበዛበት እንጂ ቀኑ ረጅም ነው፤ በደመና ሥር ያለው የሜዳ ብርሃንም ከቤት መብራት በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ በሐምሌ ዳባት ላይ አረም የሚያርም ገበሬ መስኮት በሌለው ጎጆ ከዋለው ሰው እጅግ የበዛ ብርሃን ያገኛል።

የብርሃን ሕክምና ይህንኑ የሜዳ ብርሃን ወደ ቤት የማስገባት ዘዴ ነው። ታማሚው ጠዋት እንደነቃ፣ 10,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) በሚሰጥ መብራት አጠገብ ለ30 ደቂቃ ያህል ይቀመጣል፤ ቁርሱን እየበላ ወይም እያነበበ ዓይኑን ይገልጣል እንጂ መብራቱ ላይ አያፈጥም። የተራ ሳሎን ብርሃን ጥቂት መቶ ሉክስ ብቻ ነው። በዓይን ውስጠኛ ሽፋን፣ በሬቲና፣ ያሉ ልዩ ሕዋሳት ብርሃኑን ተቀብለው የመኝታንና የመንቂያን ጊዜ ለሚመራው የአንጎል ክፍል መልእክት ሲያደርሱ፣ የሌሊቱ ሆርሞን ሜላቶኒን መመንጨቱ ይቀንሳል። ብዙዎች በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ መሻል ይጀምራሉ፤ ሆኖም የዓይን ሕመም ያለበት፣ ወይም ስሜቱ ከድባቴ ወደ ከልክ ያለፈ መነቃቃት የሚገለባበጥ ሰው ያለ ሐኪም ሊጀምረው አይገባም።

ወገን በባዕድ አገር ሲፈዝዝ ስንፍና ወይም የሰው ዓይን እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ። ጎንደር ያለ ቤተሰብም በስልክ ከመውቀሱ በፊት፣ ልጁ ባለበት አገር ፀሐይ ስንት ሰዓት ላይ እንደምትጠልቅ ይጠይቀው፤ ሐኪም እንዲያይም ይምከረው።