ከቁልቁለቱ በፊት ፍሬኑን እንይ

አዲስ አበባ ውስጥ ከስድስት ኪሎ በአምስት ኪሎ አልፎ ወደ አራት ኪሎ የሚሄደው መንገድ ቁልቁለት ነው። አምስት ኪሎ ላይ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ብዙ ነው። ብስክሌት እዚህ ፔዳሉን ሳይመቱት ይሮጣል። ፍሬኑ ካልያዘ ነጂውም እግረኛውም ይጎዳል።

ስለዚህ ሳንወጣበት እንፈትሸው። የፍሬኑን እጀታ ጨብጡ። መሪውን ከነካ ሽቦው ላልቷል፤ ይጥበቅ። የተበጣጠሰ ሽቦ ይለወጥ። ላስቲኩንም እዩ። ያለቀ ላስቲክ አይዝም። ላስቲኩ የሚይዘው የቸርኬውን ብረት ነው፤ ጎማውን ከነካ ጎማው ይበላል። ቸርኬውን ቅባት ከነካው በሳሙና ይታጠብ።

በመጨረሻ ፍሬኑን ይዛችሁ ብስክሌቱን ወደ ፊት ግፉት። ጎማው ከዞረ አትውጡበት። ዝናብ ሲሆን ፍሬን ቶሎ አይዝም፤ ቀስ ብላችሁ ውረዱ።

የአገራችሁ ቁልቁለትም ከዚህ አይለይም። ፍሬን የሚፈተሸው ሜዳ ላይ ነው እንጂ ቁልቁለት ላይ አይደለም።