ከመረብ ማዶ የመጣ ደብዳቤ

ዛሬ የምናነሳው ጦርነት ለያይቷቸው በደብዳቤ ብቻ ይገናኙ ስለነበሩ ባልና ሚስቶች ነው። ርዕሱን የመረጥነው ስለ ናፍቆት ለማውራት ብቻ አይደለም። አንዲት ቁራጭ ወረቀት የኒካሕን ጉዳይ የምትወስንበት ጊዜ ስላለ ነው።

በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በባድመ ሲጫር ድሬዳዋ ከግንባሩ ሩቅ ነበረች፤ ከጉዳቱ ግን አልራቀችም። የባቡር ከተማ ናትና ከየአገሩ የመጣ ሰው ተጋብቶ ተዋልዶባታል፤ ኤርትራውያንም ከነዚሁ መካከል ነበሩ። ከኢትዮጵያ ከ70 ሺህ በላይ ኤርትራውያንና ትውልደ ኤርትራውያን ሲባረሩ፣ ከኤርትራም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ፣ ብዙ ትዳር ለሁለት ተከፈለ። በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. የአልጀርስ ስምምነት ተፈረመ፤ ድንበሩና ስልኩ ግን እንደተዘጉ ቀሩ። ስልኩ የተከፈተው በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነው። አባቷ ሲሄድ ጡት ትጠባ የነበረች ልጅ ለትዳር ደርሳለች ማለት ነው!

በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዳንዱ በሦስተኛ አገር በሚኖር ዘመድ በኩል ይጻጻፍ ነበር። ሌላው የያዘው የቀይ መስቀልን መልእክት ነው። ይህ ወረቀት አይታሸግም፤ የቤተሰብ ወሬ ብቻ ይጻፍበታል፤ ስለ ፖለቲካና ስለ ጦር የሚያወራ አያልፍም። የ1949ኙ (እ.ኤ.አ.) አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት እንዲያውም ተዋጊ ወገኖች ካስፈለጋቸው መልእክቱን በወር አንድ ጊዜ፣ በ25 ቃላት እንዲወስኑት ይፈቅዳል። እስቲ ለባለቤታችሁ በ25 ቃል ጻፉ! ሰላምታውና የልጆቹ ጤንነት ይጨርሰዋል። ደግሞም ባዕድ እንደሚያነበው እያወቀች «ናፈቅከኝ» ብላ ለመጻፍ የምትደፍር ስንቷ ናት? «ልጅህ ቁርጥ አንተን ሆኗል» ትላለች እንጂ። እኛ ግን ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል አናውቅም።

ወደ ፊቅሁ እንመለስ። ደብዛው የጠፋ ባል «መፍቁድ» ይባላል። ዑመር (ረ.ዐ) ሚስቱ አራት ዓመት ጠብቃ፣ ከዚያም የአራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ ቆጥራ እንድታገባ መፍረዳቸው ተዘግቧል። የአካባቢያችን መዝሀብ ባለቤት ኢማሙ ሻፊዒይ በቀድሞው አቋማቸው ይህንኑ ይዘው ነበር፤ በኋለኛው ግን ሞቱ ወይም ፍቺው እስኪረጋገጥ ትጠብቅ ብለዋል። ደብዳቤው የሚመጣለት ሰው ግን ከነጭራሹ መፍቁድ አይደለም፤ በሕይወት እንዳለ ታውቋልና። «ከአሁን ወዲያ አይመጣም፣ አግቢ» የሚሉ ጎረቤቶች ይህን ልብ አላሉም።

ይህ ማለት ግን ሴቲቱ በወረቀት ታስራ ትኑር ማለት አይደለም። ያው ዑመር (ረ.ዐ) ባሏ የዘመተባት ሴት በሌሊት ስታንጎራጉር ሰምተው፣ ሴት ያለ ባል ስንት ጊዜ እንደምትታገስ ልጃቸውን ሐፍሷን ጠይቀው ለዘማቾች የጊዜ ገደብ ማድረጋቸው ይወሳል። ነፈቃ የተቋረጠባት፣ ጉዳት የደረሰባት ሴት ጉዳይዋን ለቃዲ ታቅርብ። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በድሬዳዋም አሉ፤ ጋብቻና ፍቺ፣ ተከራካሪዎቹ እስከፈቀዱ ድረስ፣ በሥልጣናቸው ሥር ነው።

የፍቺ ደብዳቤስ? በሻፊዒይ መዝሀብ ጽሑፍ ብቻውን «ኪናያ» ነው፤ ባልየው ሲጽፍ በነየተው ይወሰናል። ስለዚህ ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ደብዳቤ የምታነቡ ወጣቶች፣ አማና ተሸክማችኋል። ያለውን አንብቡ፤ አዝናችሁላቸው አትዝለሉ፣ አሳምራችሁም አትጨምሩ። የተጠረጠረ ቃል ካለ ወረቀቱን ራሱን ለዓሊም አሳዩ።

በ2010 የተከፈተው በርም መልሶ ጠቧል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የአስመራ በረራውን አቆመ። በየሳጥኑ ያሉትን የድሮ ደብዳቤዎች ከነፖስታቸው አስቀምጡ። ነገ የዒዳ ወይም የውርስ ጥያቄ ሲነሳ ቃዲው ከሚጠይቃቸው አንዱ ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተሰማ ነው፤ ቀኑም እዚያ ላይ ተጽፏል።