ከጉበት ኢንዛይም ምርመራ በፊት ለሐኪምዎ የሚነግሩት

የጉበት ምርመራ ሲታዘዝ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው «ሳልበላ ልምጣ ወይ?» ብሎ ነው። ለኢንዛይሞቹ ብቻ ከሆነ ብዙውን ጊዜ መጾም አያስፈልግም። በዚያው ደም ስኳር ወይም ቅባት የሚታይ ከሆነ ግን ከ8 እስከ 12 ሰዓት ያለ ምግብ እንዲቆዩ ሊነገርዎ ይችላል። ይህ ግን እንደ ሃይማኖት ጾም አይደለም፤ ውሃ ይጠጣሉ።

በውጤት ወረቀቱ ላይ ኤኤልቲ እና ኤኤስቲ የሚሉ ስሞች ያገኛሉ፤ ኤስጂፒቲ እና ኤስጂኦቲ ተብለውም ይጻፋሉ። ሥራቸው ሴል ውስጥ ነው። ሴሉ ሲጎዳ፣ ከተሰነጠቀ እንስራ ውሃ እንደሚያዠው፣ ወደ ደም ይወጣሉ። ኤኤልቲ በብዛት የሚገኘው ጉበት ውስጥ ነው። ኤኤስቲ ግን በልብ፣ በጡንቻና በቀይ የደም ሴል ውስጥም ስላለ፣ ከባድ ሸክም የተሸከመ ወይም ብረት ሲያነሳ የሰነበተ ሰው ጉበቱ ደህና ሆኖ ቁጥሩ ለቀናት ከፍ ሊል ይችላል።

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሳይነገር የሚቀረው ነገር ነው። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ የባህል መድኃኒት ይጠጣል፤ ሐኪሙ እንዳይቆጣው ፈርቶ ይደብቃል። አንዳንዱ ቅጠልና ሥር ግን ራሱ ጉበትን ይጎዳል። ለዓመታት በብዛት የተቃመ ጫትም ከጉበት ጉዳት ጋር ተያይዞ በሕክምና ጽሑፎች ተዘግቧል። አረቄው፣ ለራስ ምታት በየቀኑ የሚዋጠው ፓራሲታሞል፣ የቲቢ መድኃኒቱ፣ ሁሉም ቁጥሩን ሊያንሩት ይችላሉ። ይህን የማያውቅ ሐኪም ምክንያቱን ሌላ ቦታ ሲፈልግ ጊዜ ያልፋል። ስለዚህ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ጨምረው፣ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። የቲቢ መድኃኒትዎን ግን ሐኪም ሳያዝዝ በራስዎ እንዳያቋርጡ።

መደበኛ የሚባለው መጠን ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ስለሚለያይ ቁጥርዎን ከጎረቤትዎ ወረቀት ጋር ሳይሆን እዚያው ጎኑ ከተጻፈው ጋር ያስተያዩ። ቁጥሩ ደህና ነው ማለትም ሄፓታይተስ ቢ የለብዎትም ማለት አይደለም። ቫይረሱ ኢንዛይሞቹ ሳይነሱ ለዓመታት በሰውነት ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ምርመራውም ለብቻው ነው፤ ተመርምረው የማያውቁ ከሆነ ደም በሚሰጡበት ዕለት ይጠይቁ።