ሜዳው የራቀበት ደጋፊ
ከመካነ ሰላም ሆኖ የእግር ኳስ ሊግ መከታተል

ሰው በተወለደበት አገር ከሚኮራባቸው ነገሮች አንዱ በስሟ የሚጫወትላት ቡድን መኖሩ ነው። ቡድኑ ሲያሸንፍ አገሩ በሙሉ ያሸነፈ ይመስላል፤ ሲሸነፍም ሐዘኑ የአንድ ቤት ሐዘን ብቻ ሆኖ አይቀርም። ነገር ግን ቡድኑ የሚጫወትበት ሜዳ ከደጋፊው ቀዬ በመቶ በሚቈጠር ኪሎ ሜትር የራቀ እንደ ሆነ፥ ወይም በቅርብ የሚገኘው ቡድን ከዋናው ሊግ ውጭ የቀረ እንደ ሆነ፥ ደጋፊነት ምን መልክ ይኖረዋል? ይህን ጥያቄ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፥ በተለይም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከመካነ ሰላም አኳያ መመልከት ብዙ ያስተምራል።

በሁለት መንገድ መካከል

መካነ ሰላም የምትገኘው ከደሴ በስተ ምዕራብ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ነው። ከደሴ የተነሣ መንገደኛ የለጋምቦን ብርድ ተቋቁሞ፥ አቀስታን አልፎ ይደርስባታል። ከከተማይቱ ወደ ምዕራብ የሚጓዘው ደግሞ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፥ ወንዙን ተሻግሮ፥ በጐጃም ወገን ጉንደ ወይን ይወጣል። እንግዲህ የመካነ ሰላም ሰው ለንግድም ሆነ ለትምህርት ዐይኑን በሁለት አቅጣጫ እንደሚያማትር ሁሉ፥ በእግር ኳስም ነገር ልቡ ወዲህና ወዲያ ይሳባል። በአንድ ወገን ደሴና ወልድያ አሉ፤ ወሎ ናቸውና ደም ይስባል። በሌላው ወገን ከዓባይ ማዶ ባሕር ዳር፥ ከዚያም ወዲያ ጐንደር አሉ።

ሦስተኛም መንገድ አለ፤ ይኸውም በሳተላይት የሚመጣው ነው። በዛሬ ጊዜ በየትኛውም የአገራችን ከተማ የእንግሊዝን ጨዋታ የሚያሳይ ቤት አይታጣም፤ ወጣቱም አርሰናልና ማንቸስተር ዩናይትድ እየተባባለ ይከራከራል። በዚህ ክፋት የለበትም። ዳሩ ግን ወደው የመረጡት ቡድንና ከአገር ጋር የተወረሰ ቡድን አንድ አይደሉም። የመረጡትን ቡድን ሲሸነፍ በሌላ መለወጥ ይቻላል። የአገር ቡድን ግን እንደ አባት ስም ነው፤ ቢያኮራም ባያኮራም የሚጠሩት በእርሱ ነው።

የወልድያ አራት ዓመት

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የተጀመረው በ1990 ዓ.ም ነው። ለብዙ ጊዜ የሊጉ ኀይል ያለው በአዲስ አበባ ክለቦች እጅ ነበር። ከዋና ከተማይቱ ውጭ የሚገኝ ክለብ ዋንጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰደው በ1996 ዓ.ም ሲሆን፥ እርሱም የሐዋሳ ከነማ ነው። ይህ ድል ለየክፍለ ሀገሩ ደጋፊ የተስፋ በር ከፈተለት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የወሎ ተራ የደረሰው በወልድያ በኩል ነበር። ወልድያ በ2007 ዓ.ም ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ገባ፤ በዚያው ዓመት ወረደ። በ2009 ዓ.ም እንደ ገና ተመለሰ። በዚያ ዓመት በጥር ወር በሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ስም የተሠራው፥ 25 ሺህ ያህል ተመልካች የሚይዘው አዲስ ስታዲየም በከተማዋ ተመረቀ። የወሎ ሰው በገዛ አገሩ እንዲህ ያለ ሜዳ አይቶ የተሰማው ደስታ ትንሽ አልነበረም። ከመካነ ሰላም ወልድያ ለመድረስ በደሴ በኩል 300 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ያስፈልጋል፤ ቢሆንም ደጋፊ የሆነ ሰው «ሜዳችን ወልድያ ነው» ለማለት ችሎ ነበር።

ይህ ደስታ ግን አልቈየም። በኅዳር 2010 ዓ.ም ከመቀሌ ቡድን ጋር ሊደረግ በነበረው ጨዋታ ምክንያት በከተማዋ ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ጨዋታውም ሳይደረግ ቀረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወልድያ ከሊጉ ወረደ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ለደጋፊ ሁሉ የሚሆን ትምህርት አለ። ነጥብ ቢጠፋ በሚመጣው ዓመት ይተካል፤ የሰው ሕይወት ግን በምንም ነጥብ አይተካም። ቡድኑን ከልቡ የሚወድ ሰው የመጀመሪያ ግዴታው እንግዳው ቡድንና ደጋፊው በሰላም መጥተው በሰላም እንዲመለሱ ማድረግ ነው። እንግዳን ተቀብሎ ማብላትና ማሳደር የወሎ ሰው ከጥንት የሚታወቅበት ስለ ሆነ፥ ይህ ለእርሱ አዲስ ትምህርት ሊሆን አይገባም።

በጐንደር ሜዳ ያልተገኘ ዋንጫ

ከወልድያ ጋር በአንድነት በ2009 ዓ.ም ወደ ሊጉ የገባው ፋሲል ከነማ ነው። በ2011 ዓ.ም ደግሞ ባሕር ዳር ከነማ ተከተለው። ወልድያን ያጣው የመካነ ሰላም ደጋፊ እንግዲህ ከ«አጼዎቹ» እና ከ«የጣና ሞገዶቹ» መካከል ልቡ የፈቀደውን ይዞ መከታተል ቀጠለ። የ2012 ዓ.ም ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 ዓ.ም ሊጉ ሲመለስ አሠራሩ ተለውጦ ነበር። በቀድሞው አሠራር እያንዳንዱ ቡድን ከጨዋታዎቹ ግማሹን በሜዳው፥ ግማሹን በተጋጣሚው ሜዳ ያደርግ ነበር። በአዲሱ አሠራር ግን ቡድኖቹ ሁሉ በአንድ ከተማ ተሰብስበው ጥቂት ሳምንት ከተጫወቱ በኋላ ወደ ሌላ ከተማ ይሻገራሉ። በዚያ ዓመት ተራው የደረሳቸው አዲስ አበባ፥ ጅማ፥ ባሕር ዳር፥ ድሬዳዋና ሐዋሳ ነበሩ። የትግራይ ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት ስላልተገኙ ተወዳዳሪዎቹ 13 ብቻ ነበሩ።

በዚህ ውድድር ፋሲል ከነማ በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ ለመጀመሪያ ጊዜ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ። የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ጐል አስቈጥሮ በዮርዳኖስ ዓባይ ተይዞ የነበረውን የ24 ጐል ክብረ ወሰን የሰበረውም በዚሁ ዓመት ነው። ነገር ግን አንባቢ አንድ ነገር ያስተውል። ፋሲል ሻምፒዮን የሆነው በጐንደር ከተማ አንዲት የሊግ ጨዋታ ሳያደርግ ነው። የጐንደር ሰው ቡድኑ ለዋንጫ ሲታገል ያየው፥ መቼም ወደ ሩቅ ከተማ ካልተጓዘ በቀር፥ በክፍያ በሚታይ የቴሌቪዥን ጣቢያ ነበር።

ከዚህ የተነሣ አንድ ያልታሰበ ነገር ሆነ። ቀድሞ በሜዳው አጠገብ የሚኖረውና በሩቅ ደጋ ላይ የሚኖረው ደጋፊ ዕድላቸው የተለያየ ነበር፤ አንዱ በዐይኑ ያያል፥ ሌላው በጆሮው ይሰማል። አሁን ግን ሜዳው ለሁለቱም ራቀ። የመካነ ሰላሙ ደጋፊ ለዚህ አዲስ አልነበረም፤ ቡድንን በሩቅ ሆኖ መውደድ ቀድሞም ያውቅበት ነበርና።

ዓመቱ እንዴት ያልፋል

ሊጉ ብዙውን ጊዜ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ይጀምራል። ያን ጊዜ በቦረናና በሳይንት ደጋ ላይ ገብሱና ስንዴው እየደረሰ ነው። በአጨዳና በውቂያ ወራት ሰው ከሥራው ስለማይነቀል ጨዋታውን የሚያደምጠው በኪስ ራዲዮና በእጅ ስልክ ነው። በዚህ ጊዜ የሠንጠረዡ ደረጃ ገና አልረጋም፤ አንድ ድል ከታች ወደ ላይ ያወጣል፥ አንድ ሽንፈት ከላይ ወደ ታች ያወርዳል። የበልግ ዝናብ ሲመጣ ግን ነገሩ ይከብዳል። ላሸነፈ 3፥ አቻ ለወጣ 1 ነጥብ እየተሰጠ፥ ደጋፊው የራሱን ቡድን ብቻ ሳይሆን የተፎካካሪውንም ውጤት ሲደምርና ሲቀንስ ይውላል። ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ሲል ዋንጫውና መውረዱ ይለያል። የገበሬው ዓመትና የኳሱ ዓመት እንዲህ ጐን ለጐን ይሄዳሉ።

በ2015 ዓ.ም ባሕር ዳር ከነማ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ከዚያም ለአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ተሰልፎ የታንዛንያውን አዛምን ከውድድር አስወጣ። ከዓባይ ማዶ የመጣ የደስታ ዜና ነበር። ይሁንና በነሐሴ 2015 ዓ.ም በአማራ ክልል በተባባሰው ግጭት ምክንያት የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፤ መንገድም አስጊ ሆነ። የ2016 ዓ.ም ሊግ በአዳማ፥ በድሬዳዋና በሐዋሳ ሲደረግ የደጋው ደጋፊ በራዲዮ ላይ የነበረው እምነት እንደ ገና ጠነከረ። ችግር በበዛበት ጊዜ ስለ ኳስ መጨነቅ ለአንዳንድ ሰው እንደ ቀልድ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን የሰላሙን ቀን የሚያስታውስ፥ ዘመድ ከዘመድ ጋር በስልክ ሲገናኝ ከሐዘን ወሬ ሌላ የሚነጋገርበት ነገር ማግኘት ቀላል ጥቅም አይደለም።

ከአየርላንድ የሚገኝ ምሳሌ

በሌላ ዓለም ያለውን ብንመለከት፥ የአየርላንድ ሕዝብ ጌይሊክ እግር ኳስ የሚባል የራሱ ጨዋታ አለው። በየወገኑ 15 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ኳሱን በእጅም በእግርም መጫወት ይፈቀዳል። ጨዋታውን የሚመራው ማኅበር በ1884 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ሲሆን፥ በዱላ የሚመታውንና የእኛን ገና የሚመስለውን ሌላ ጨዋታም ያስተዳድራል። ውድድሩ የሚደረገው በአውራጃዎች መካከል ነው። ተጫዋቾቹ ደመወዝ የላቸውም፤ በሥራ ቀን አስተማሪ ወይም ገበሬ የሆነው ሰው በዕረፍት ቀን የአውራጃውን ማልያ ለብሶ ይወጣል። የሊጉ ውድድር በአራት ምድብ ተከፍሎ በጥር ብርድና ጭቃ ይጀመራል፤ ደጋፊውም ካፖርቱን ለብሶ ከአውራጃ አውራጃ ይከተላል።

ከእነዚህ መካከል ሜዮ የሚባለው አውራጃ ዋናውን የመላው አየርላንድ ዋንጫ ካገኘ በኋላ፥ ከ1951 እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ድረስ ደግሞ አላገኘውም። ከ1989 እስከ 2021 ባለው ጊዜ ብቻ ለፍጻሜ በደረሰባቸው 11 ዓመታት ሁሉ ተሸንፎ ተመልሷል። ደጋፊው ግን አልተበተነም፤ እንዲያውም በታማኝነቱ ስም ያተረፈ ሆነ። ምክንያቱም የሚጫወተው የጐረቤቱ ልጅ ነው፤ የጐረቤትን ልጅ ደግሞ ተሸነፈ ብሎ የሚተው የለም።

ሥሩ ከሜዳው ነው

የእኛ አገር ክለቦች አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው፤ ይህም ማለት በሕዝብ ገንዘብ ነው። የተጫዋቾች ክፍያ ከልክ አልፎ ስለ ነበር በነሐሴ 2011 ዓ.ም የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ተጫዋች ከሌላ ቦታ መቅጠር ነውር አይደለም፤ የሠራም ዋጋውን ማግኘት አለበት። ነገር ግን ገንዘቡ ሁሉ ለቅጥር ውሎ ለወረዳው ልጆች ሜዳ፥ ኳስና አሠልጣኝ የሚሆን ካልተረፈ፥ ክለቡ የአገሩን ስም ብቻ ይዞ የአገሩን ልጅ ያጣል።

በቦረና ምድር ልጆች ለጨዋታ አያንሱም። በገና ዕለት የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ተከፋፍለው በዱላ ጥንጓን ሲያሯሩጡ፥ አውራጃ ለአውራጃ የሚደረገውን ፉክክር ከማንም ሳይማሩ ያውቁታል። መካነ ሰላም ዛሬ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለባት ከተማ ናት፤ የተማረ ሰውም ወጣትም አላት። የሚቀረው ከሰፈር ሜዳ ወደ ወረዳ፥ ከወረዳ ወደ ዞን፥ ከዞን ወደ ክልል የሚያወጣው መሰላል ሳይሰበር እንዲቆም ማድረግ ነው። ይህም የስፖርት ጽሕፈት ቤቶች፥ የትምህርት ቤቶችና የወላጆች የጋራ ሥራ ነው።

ደጋፊውም ድርሻ አለው። ለአርሰናል የሚጮኸው ጕሮሮ ለሰፈሩ ልጆች ጨዋታም ጥቂት ድምፅ ይቈጥብ። ሊጉ ወደየከተማው ሜዳ ሙሉ በሙሉ ሲመለስና መንገዱም ሰላም ሲሆን፥ ከመካነ ሰላም የሚነሣ ደጋፊ በምሥራቅ ወደ ደሴና ወደ ወልድያ፥ በምዕራብም ዓባይን ተሻግሮ ወደ ባሕር ዳር መጓዙ አይቀርም። ያን ጊዜ በሜዳው ውስጥ ከሚሮጡት መካከል አንዱን እንኳ «ይህ የእኛ ሰፈር ልጅ ነው» ብሎ በጣቱ ለማሳየት ቢችል፥ የጉዞው ድካም ሁሉ ይካሳል።